ጠዋት ጠዋት የሚሞተው ኮምፒውተር

ሟቹ ለሦስተኛ ጊዜ የሞተው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ነቢዩ ጠረጴዛውን በቡጢ መታና ስልኩን አነሳ።

«ሳጅን፣ አሁንም ሞተ። የደንበኛዬን የቤት ፕላን እስከ ስምንት ሰዓት ካላስረከብኩ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ከመጡ ለቅሶ መድረስ ነው የሚሆነው።»

«እንዳትነካው» አለች ሣራ። «ሬሳው ሳይነሳ ልየው።»

ሣራ ሃያ ሁለት ዓመት በወንጀል መርማሪነት ሠርታ ጡረታ ስትወጣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከፍታለች። ማዕረጉ ግን አልለቀቃትም፤ ሁሉም ሰው ዛሬም ሳጅን ነው የሚላት። እሷም ብትሆን የተበላሸ ኮምፒውተር ሲመጣላት «መጨረሻ የነካው ማነው?» ብላ ነው የምትጀምረው። ነቢዩ ከየቦታው ዕቃ ለቃቅሞ በገዛ እጁ የገጣጠመውን ይህን ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ ከሰዓት በኋላ አምጥቶላት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እስከ ማታ ሲሠራ ዋለ። ሁለቱንም ጊዜ «ጤነኛ ነው» ብላ መለሰችው። ይኼ ነገር ከንክኗታል፤ በፖሊስነት ዘመኗ እንኳ አንድ ሟች ሁለት ጊዜ አታልሏት አያውቅም።

ባጃጁ ከበር ሲያወርዳት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የግቢውን የብረት በር ገፋችው። በሩ ያረጀ የዛገ ነው፤ ሲከፈት ግን ድምፅ አላሰማም። ሣራ ቆም አለችና ማጠፊያውን በጣቷ ነካ አደረገችው። ጣቷን በመሐረብ ጠርጋ ገባች።

በረንዳው ላይ የነቢዩ እናት፣ ወይዘሮ እናናየሁ፣ በርኖሳቸውን ደርበው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። የመፍተያው መዘውር ያለ አንዳች ድምፅ ይሾራል። ከበሩ ሥር የተጠቀለለ ፍራሽና አንድ ትልቅ ቦርሳ ተቀምጧል።

«ሰው ሊሄድ ነው እንዴ፣ እማማ?»

«ይስማው ነው፣ ልጄ፤ የምራቴ ወንድም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ መኝታ አገኘ ብለውኛል። ምን ያደርጋል፣ ለምጄው ነበር። ክሩን የሚያጠነጥንልኝ እሱ ነው።»

የነቢዩ ሚስት ለተጊዮርጊስ ሣራን እጇን ይዛ ወደ ጓዳ ሳበቻት። ዓይኗ አብጧል።

«መኝታ የሚባል ነገር የለም፣ ሳጅን። ነቢዩ ነው ከቤት ያስወጣው። ‹ወንድምሽ ነው ኮምፒውተሬን የሚገድለው› ይላል። ለእናቱ ግን ደፍሮ አልነገራቸውም።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

ለተጊዮርጊስ በሩን ዞር ብላ አየች። «ሻንጣዬን አልጋ ሥር አስገብቼዋለሁ። ነቢዩ አያውቅም። ይስማው በሌብነት ስም ከዚህ ግቢ ከወጣ፣ እኔም አብሬው እወጣለሁ።»

 ለሣራ ሲደወልላት የአንድ ዕቃ ሞት ነበር የመሰላት። ለካ ሌላ ነገር ሊሞት ደርሷል። ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው።

ሥራ ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተሩ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል። የጎን ክዳን ስለሌለው ነቢዩ በካርቶን ሸፍኖታል። ሣራ ማንንም ሳታስፈቅድ ሁለቱንም መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተች።

«ኧረ ሳጅን! የሚገድለው ብርድ ነው እኮ! እሑድ ዕለት በሌሊት ከሰል አንድደን ማንደጃ ብናስገባለት ቀኑን ሙሉ ሠራ።»

«ብርድ ነው ወይስ ይስማው? አንዱን ምረጥ።»

ነቢዩ ፊቱ ቀላ። «ሁለተኛውን ሚሞሪ ያስገባው እሱ ነው። አሮጌ ዕቃ እየገዛ ይሸጣል፤ ደህናውን ወስዶ የተበላሸ ሳይተካብኝ አልቀረም። ሞቱ የጀመረው ዕቃውን ባስገባ በሁለተኛው ቀን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ሳጅን።»

«የጠረጠረ ሁሉ ደግሞ አልዳነም። ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚሞተው?»

«ጠዋት ብቻ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞትና ወደ አራት ሰዓት ግድም ይድናል። ከዚያ በኋላ ምንም አይሆንም።»

«ካርቶኑን አንስተህ ውስጡን ያየኸው መቼ ነው?»

«ከሰዓት በኋላ። ጠዋትማ ሥራ ላይ ነኝ፣ እያስነሳሁ እሮጣለሁ።»

«እኔም ያየሁት ከሰዓት በኋላ ነው» አለች ሣራ፤ ይህን የተናገረችው ለራሷ ነበር።

የመብራት መጠባበቂያውን ዩፒኤስ አየች፤ አረንጓዴ መብራቱ በርቷል፤ ኮምፒውተሩ ሲሞት ጮኾ እንደማያውቅም ነቢዩ ነገራት። መብራት ሲዋዥቅ ያ ዕቃ ዝም አይልም፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ነፃ ወጣ። ቀጥሎ ይስማውን ጠራችው። ቀጭን፣ አንገቱን የደፋ ወጣት ነው።

«ስንት ጊዜ ነካኸው?»

«አንድ ጊዜ። እሱም ጋሼ ቆሞ እያየ። ዕቃውን በነፃ ነው የሰጠሁት፣ ሥራው እንዲፈጥንለት ብዬ። ሌባ ነህ አላለኝም። ሌባ ነህ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብሎ ‹ቦርሳህን አዘጋጅ› ነው ያለኝ።»

ሣራ የይስማውን ሚሞሪ ነቅላ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ወደ ለተጊዮርጊስ ዞረች።

«ያን ሰሞን ሌላ ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። እማማ ለዓይናቸው ሕክምና ከአንኮበር የመጡትም ያኔ ነው።»

«የቆመ ነገርስ የለም? ድሮ የነበረ፣ ያን ሰሞን የቀረ?»

ለተጊዮርጊስ አሰበች። «ጩኸቱ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ጠዋት ሲነሳ እንደ ጫጩት ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። ራሳችንን ሊያዞረን ነበር። አሁንማ ተመስገን ነው።»

«እኔ እኮ የተሻለው በአዲሱ ሚሞሪ መስሎኝ ነበር» አለ ነቢዩ።

«ሚሞሪ አይጮህም» አለች ሣራ። «እማማን ጥሯቸው። ሁላችሁም እዚህ ሁኑ።»

ክፍሉ እንደ ውጭው ቀዝቅዟል። ወይዘሮ እናናየሁ በርኖሳቸውን ሰብስበው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይስማው በር ላይ ቀረ። ሣራ ካርቶኑን አነሳችና ማስነሻውን ተጫነች።

«ስክሪኑን ተዉት። ይቺን ማራገቢያ እዩ።»

በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማራገቢያ ርግብ አለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች። ደቂቃዎች አለፉ።  ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ይኸው አራተኛው ሞት» አለች ሣራ። «የይስማው ዕቃ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እሱ የለበትም። ነቢዩ፣ ከማራገቢያዋ ሥር ያለውን ብረት ንካው።»

ነቢዩ ጣቱን አሳርፎ ወዲያው ሳበ። «ያቃጥላል!»

«እንግዲህ በብርድ ነው የሚሞተው ያልከው ዕቃ የሚሞተው በሙቀት ነው። የምታቀዘቅዘው ማራገቢያ ስላልዞረች ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ታዲያ ለምን ጠዋት ብቻ አልዞረችም? ማለስለሻ ተደርጎላታል፤ ግን ብርድ የሚያረጋው ማለስለሻ ነው። ጠዋት ይረጋና አንቆ ይይዛታል፤ መስኮቱን የከፈትኩትም እንደገና እንዲረጋ ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ግሎ ሲሞት በራሱ ሙቀት ይቀልጥና ይለቃታል። የእሑዱ ከሰልም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ኮምፒውተሩን ሳይሆን ማለስለሻውን ነው ያሞቀው። የእኔም ቤት ከሰዓት በኋላ ሞቃት ነው፤ ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ የተሸወድኩት።»

በካቻቢቴዋ ጫፍ ከማራገቢያዋ እንብርት አንድ ቢጫ ጠጣር ነገር ፍቃ አወጣች። የበግ ጠጉር ብናኝ ተጣብቆበታል። ለነቢዩ አፍንጫ አቀረበችለት።

«ቅቤ!» አለ ነቢዩ።

«የግቢው በር ማጠፊያም እንደዚህ ይሸታል። በዚህ ቤት ውስጥ የሚጮህ ነገር የለም፤ በሩም፣ መዘውሩም።»

ሣራ በሥራ ዘመኗ ስንት ነፍሰ ገዳይ ፊት ለፊት ስትጠራ ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። አሁን ግን ከአሮጊቷ ወንበር አጠገብ ቁጢጥ ብላ በቀስታ ጠየቀች።

«እማማ፣ ይቺ ዕቃ ስትጮህ ምን አደረጉላት?»

«ቀባኋት!» አሉ ወይዘሮ እናናየሁ በኩራት። «አቧራ ስጠርግ አገኘኋት፤ በዶሮ ላባ ጠብ አደረግኩላት። ልጄ እንደዚያ ራሱን ይዞ ሲሠራ አንጀቴ አልቻለማ! እኛ አገር የሚጮህ ነገር ይቀባል እንጂ ሲጮህ አይተውም።» ፊታቸውን አንድ በአንድ አዩ፤ ኩራታቸው ሟሸሸ። «ምነው? አጠፋሁ?»

 ነቢዩ ወለሉን ያያል።

«ይስማውስ? ይስማው በዚህ ውስጥ ምን አገባው?» አሉ እናቱ።

«እማዬ... እሱ ያበላሸው መስሎኝ ነው። የሚወጣውም... መኝታ አግኝቶ አይደለም።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ በረንዳው ወጡ። ሲመለሱ የበሩን ማቆሚያ ድንጋይ በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል። ወገባቸው እየተንቀጠቀጠ በይስማው ፊት ቆሙና ድንጋዩን ወደ ማጅራታቸው ለማንሳት ታገሉ።

«እማማ! ኧረ በእመቤቴ!» ይስማው ሊይዛቸው ዘለለ። ነቢዩ ግን ቀደመው። ድንጋዩን ከእናቱ እጅ ወሰደ።

«ስጪኝ፣ እማዬ። ቅቤው ያንቺ ነው፤ ክሱ ግን የኔ ነው።»

ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሚስቱ ወንድም ፊት ተንበረከከ።  ይስማው ከንፈሩን ነክሶ ቆመ፤ ድንጋዩም ነቢዩ ማጅራት ላይ ቆየ። ለተጊዮርጊስ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወንድሟን ታያለች። ሣራ መስኮቶቹን ለመዝጋት ዞረች፤ እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንግዳ ዓይኑን አያሳርፍም።

«በሚቀጥለው ጊዜ ከመጠርጠርህ በፊት ጠይቀኝ፣ ጋሼ» አለ ይስማው በመጨረሻ።

«እጠይቅሃለሁ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር።» ድንጋዩን አነሣለት።

ሣራ ከቦርሳዋ አዲስ ማራገቢያ አውጥታ ስትገጥም ይስማው ባትሪ አበራላት፤ ሚሞሪውንም ራሱ መልሶ ሰካው። አራት ሰዓት ሳይሞላ የቤቱ ፕላን ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። ነቢዩ ግን አልተቀመጠም። ፍራሹንና ቦርሳውን ከበሩ ሥር አንስቶ ወደ ይስማው ክፍል ሲያልፍ የመኝታ ቤቱ በር ክፍት ነበር።

ለተጊዮርጊስ ከአልጋው ሥር አንድ የታጨቀ ሻንጣ ስባ አውጥታ ልብሶቿን አንድ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ትመልሳለች። ነቢዩ ፍራሹን እንደታቀፈ ደጃፉ ላይ ቀረ። ሻንጣውን አየ፣ እሷን አየ። እሷም አየችው፤ ቀሚሷን ዘርግታ ሰቀለች።