የክንዱ አልበም ሁለተኛ ገጽ

«ይሄን ገጽ ቅደጂው» አለች ያምሮት።

ውዳሴ ወረቀቱን ወደ ደረቷ ሳበችው። ሁለቱ ጓደኛሞች ቡሬ፣ በትምህርት ቤታቸው የሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ ነበሩ። የያምሮት ታላቅ ወንድም ክንዱ በሕመም ካረፈ ቅዳሜ ዓመት ይሞላዋል። ፕሮግረሲቭ ሜታል የሚሉትን ከባድ የሮክ ሙዚቃ ይወድ ነበር፤ ብቻውን በጊታር የቀዳው ሰባት ዘፈን ያለው አልበም ትቶ ነው የሄደው። ስለ አልበሙ ጽፋ ነገ በእረፍት ሰዓት በማይክ እንድታነብ ውዳሴን የለመነቻት ያው ያምሮት ናት።

«አንደኛው ገጽ አሪፍ ነው። ጊታሩ እንደ ክረምት ነጎድጓድ ከብዶ ቆይቶ ድንገት እንደ ክራር ይቀጥናል ያልሽው፣ ምቱ በሰባት እየተቆጠረ እግር ያሰናክላል ያልሽው፣ ይመቻል። ይሄኛው ግን ምንድን ነው? ‹ዘፈኖቹ ከልክ በላይ ይረዝማሉ። የክንዱ ድምፅ በጊታሩ ተውጧል።› ሙት ወቃሽ ልትሆኚ ነው?»

ውዳሴ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መቼም በአገሩ የሞተ ሰው ጉድለት አይነሣም። አልቃሽ እንኳ ቁጡውን ሰው «አንደበተ ማር» ብላ ነው የምትሸኘው።

ከትምህርት በኋላ ውዳሴ እነያምሮት ቤት ጎራ አለች። ያምሮት ገበያ ተልካለች። እናቷ እትዬ እናኑ ለሙት ዓመቱ ምስር እየለቀሙ ነበር።

«የክንዱ ዘፈን አንቺ ጋ አለ አሉ» አሏት። «እስቲ አሰሚኝ፣ ልጄ። እኔስ እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።»

ስልኳን ከፈተች። ጊታሩ ሲያገሣ ደጅ የነበሩት ዶሮዎች ተበተኑ። ዘፈኑ አለቀ፤ ቅጂው ግን አላለቀም። ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማ። እትዬ እናኑ ዞር ብለው ከኋላቸው ያለውን መደብ አዩ። ማንም የለም።

«ይጮሃል» አሉ ቆይተው። «‹ይሄ ብረት ድምፅህን ዋጠው› ብዬው ሁለት ቀን አኩርፎኛል።»

«እኔም እንደዚያው ጽፌ ነበር፣ እትዬ። ግን ነውር ይሆናል ብዬ…»

«ዓመቱን ሙሉ የመጣው ሁሉ ‹እንከን የሌለበት ልጅ› ይለኛል። እኔ እንከን የሌለበት ልጅ አልወለድኩም። የማን ልጅ እንደሞተ ግራ እየገባኝ ነው።» ምስሩን መልቀም ቀጠሉ።

በማግስቱ ውዳሴ ሁለቱንም ገጾች ማይኩ ሥር ዘረጋች። ያምሮት አየቻቸው፤ ፊቷ ጠቆረ።

«እናትሽ ትናንት ሰምተውታል» አለች ውዳሴ። «ይጮሃል አሉ። ክንዱ አኩርፏቸው እንደነበርም ነገሩኝ። እንደዚያ ሲያወሩ እሱ ቤት ውስጥ ያለ ነው የመሰለኝ። ሁለቱንም ላነብ ነው፣ ያሙ።»

ውጭ ተማሪው ይንጫጫል። ያምሮት ሁለተኛው ገጽ ላይ ጎንበስ አለች።

«ሰባተኛውን ዘፈን አልነካሽውም» አለች በመጨረሻ፣ ወረቀቱን እያየች። «መሐሉ ላይ ጊታሩ ይሳሳታል። ድገመው ስለው ‹ማን ይሰማዋል ብለሽ ነው› አለኝ።»

ውዳሴ እስክሪብቶዋን አወጣች። ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ ይህንንም ጻፈችው፤ ከዚያ ማይኩን ከፈተች።