ከውስጥ የተነካው ንድፍ

አንዷለም ከፍርስራሹ ሥር ሲወጣ በቀኝ እጁ የእንጨት ሽብልቅ እንደጨበጠ ነበር።

ኢንስፔክተር ይመኙሻል ይህን ያየችው በስልክ ፎቶ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥታ መሐል ሜዳ ከተማ ስትደርስ ሟቹ ከተቀበረ ሰንብቷል። የከተማው ፖሊስም ጉዳዩን አደጋ ብሎ ሊዘጋው ነበር። በአዲሱ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ለመዘምራን የተሠራው ሰገነት ተደርምሶ፣ የሕንፃውን ንድፍ የሠራውን ልጅ ገደለው። ንድፉ ሲታይ የሰገነቱ ፌሮ ብረት ከሚገባው ቀጭን ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ልጁ በራሱ ስሕተት ሞተ ተባለ፤ ሰዉም ተቀበለው። እናቱ ወይዘሮ በለጠች ግን ደብረ ብርሃን ድረስ ወርደው ከፖሊስ መምሪያው ደጃፍ ተቀመጡ። «ልጄ ሥራው ላይ ሰነፍ አልነበረም» ከማለት በቀር ሌላ አይናገሩም። ይመኙሻል ስትገባ ስትወጣ አየቻቸው። በመጨረሻ ጉዳዩ ይሰጠኝ ብላ ጠየቀች።

አዳራሹ ስትደርስ ጉሙ ገና አልገፈፈም። ፎርማኑ ወዳጆ ጋቢውን ተከናንቦ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዓይኑን ከመሬት የማያነሣ ጎልማሳ ነው።

«ፑንቴሎዎቹን ማን አነሣቸው?» አለችው። አርማታው እስኪጠነክር ከሥር የሚደግፉት ቋሚ እንጨቶች ጥግ ላይ ተደርድረዋል። ሁለቱ ብቻ ከፍርስራሹ መሐል ተሰብረው ይታያሉ።

«እኛ ነን። ለኪዳነ ምሕረት መዘምራኑ ይውጡበት ተብሎ።»

«ማን አለ?»

ወዳጆ ጋቢውን ወደ አፉ ሳብ አደረገ። «ሁሉም» አለ።

«እነዚህን ሁለቱን ለምን ተዋችኋቸው?»

«አልተውንም፤ ሁሉንም አንሥተን ነበር። ልጁ ይሆናል የነካካቸው።»

«ፌሮውስ?»

«እኔ ንድፉ ባለው ነው የሠራሁት፤ ደረጃውንም ሰገነቱንም። አንዲት አላጎደልኩም።»

የሠራበትን ወረቀት ስትጠይቀው የንድፍ ቢሮው ባለቤት ኢንጂነር አፈወርቅ ከአደጋው በኋላ እንደወሰደው ነገራት።

ይመኙሻል ተንበረከከች። ከተሰበረው ሰገነት የወጣው ፌሮ ከትንሿ ጣቷ አይወፍርም። ከአንደኛው ስባሪ ፑንቴሎ ሥር ሽብልቅ ተቀርቅሯል፤ ራሱ ላይ የመዶሻው ምት ገና ትኩስ ነው። ከዚያ ደረጃውን ወጣች። ለወደፊቱ ፎቅ ተብሎ ጫፉ ላይ የተተወውን ፌሮ በመዳፏ ጨበጠችው፤ አውራ ጣት ያክላል። ተመልሳ ወረደች።

አፈወርቅ ከቢሮው በር ላይ ቆሞ ተቀበላት። ፊቱ የገረጣ፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነው።

«እንደ ልጄ ነበር የማየው» አለ። «ሰገነቱ ላይ ብቻ ተሳሳተ። ባለ አሥራ ስድስት ሚሊ ፌሮ መሆን ሲገባው ባለ አሥራ ሁለት አደረገው። እኔም አምኜው ፈረምኩ።»

«ሌላውስ ሥራው?»

«እንከን የለውም።»

«ከአደጋው በኋላ አይተውታል?»

«አንድ በአንድ ነዋ።»

በሚቀጥለው ክፍል ፀደንያ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ከአንዷለም ጋር አብራ ትነድፍ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክባት እንደነበር ይመኙሻል ከሠፈሩ ሰው ሰምታለች።

«ንድፉን አሳዪኝ» አለቻት። «እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

«ይኼ ብሎክ ይባላል።»

«የሲሚንቶው?»

ፀደንያ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «አይደለም። አንዴ የሣሉት ነገር ነው፤ በፈለጉበት ቦታ ይደጋግሙታል። ፌሮው አግዳሚው ውስጥ አለ፤ አግዳሚው ደግሞ ሰገነቱ ውስጥ። ሣጥን በሣጥን ውስጥ ማለት ነው። የውስጡን ለማግኘት የላዩን ሁሉ መክፈት ስለሚያሰለች አንዷለም አጭር ስክሪፕት፣ ኮምፒውተሩ የሚፈጽመው ትእዛዝ፣ ጻፈ። ‹ጓዳ› ይለዋል።»

ስክሪፕቱን አስነሥታ ከሰገነቱ ፌሮ አንዱን ጠቅ አደረገች። ከታች ስሞች ተደረደሩ፦ ፌሮ፣ አግዳሚ፣ ሰገነት።

«አየሽ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይቆጥራል...» አለችና ደንግጣ «ይቅርታ፣ አዩ» ብላ አረመች። «የነኩትን የውስጥ ዕቃ ለብቻው ያቀርብልዎታል። እንዳሻዎት ይለውጡታል።»

«ይቺን አንዷን ብቻ?»

«ይመስላል እንጂ አይደለም። የሚመጣልዎት ዋናው ነው፤ ያ ከተለወጠ ግልባጮቹ ሁሉ አብረው ይለወጣሉ። አንዱን ብቻ ለመለወጥ አስቀድሞ ብሎኩን በሌላ ስም መለየት ያስፈልጋል።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ።» የጥያቄው ክብደት ዘግይቶ ገባት፤ እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። «ስክሪፕቱን ግን ኢንጂነርም ይጠቀሙበታል።»

«ወዳጆስ?»

«እሱ የሚያውቀው የታተመውን ወረቀት ነው።»

«እስቲ ደረጃውን አውጪልኝ።»

ፀደንያ አወጣችው። ትክ ብላ አየችው፤ ደግማ አየችው። «ይኼ እንዲህ አልነበረም» አለች። «ፌሮው አንድ ብሎክ ስለሆነ ደረጃውም ባለ አሥራ ሁለት ሆኗል።»

«ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠው መቼ ነው?»

«የቀብሩ ዕለት።»

«አንቺ ያን ዕለት የት ነበርሽ?»

«የእናቱን ክንድ ይዤ። ከቤታቸው እስከ መቃብሩ፣ ከመቃብሩ እስከ ድንኳኑ አልለየኋቸውም።»

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ይመኙሻል ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ መሪጌታ ገብረየሱስ ወይዘሮ በለጠችን ወንበር ላይ አስቀምጠው አጠገባቸው ቆሙ።

«ጋሽ ወዳጆ ሁሉን ንድፉ ባለው እንደሠራ ነግሮኛል» አለች። «አሁን ያለው ንድፍ ደረጃውም በቀጭን ፌሮ ይሠራ ይላል። እዚያ ደረጃው ጫፍ ላይ ያለውን ፌሮ ግን እዩት፤ ወፍራም ነው። እንግዲህ ደረጃው ሲሠራ ንድፉ ወፍራም ይል ነበር። ንድፉ የተለወጠው በኋላ ነው። መቼ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ነግሮናል፤ አንዷለም በተቀበረበት ዕለት። ሟች ከመቃብር ተነሥቶ ንድፍ አያበላሽም።»

መሪጌታ አማተቡ።

«ማን ለወጠው? ጋሽ ወዳጆ ኮምፒውተር አያውቅም። ፀደንያ ቀብር ላይ ነበረች። በዚያ ላይ እሷ ብትሆን ኖሮ የሰገነቱን ለይታ ትለውጥ ነበር እንጂ ደረጃውን አትነካም። ይህን ያደረገው ስክሪፕቱን የሚያስነሣ፣ ግን አንዱን ሲነካ ሁሉም እንደሚነካ የማያውቅ ሰው ነው። ኢንጂነር፣ ‹ሰገነቱ ላይ ብቻ ተሳሳተ› አሉኝ። ሁሉን አንድ በአንድ አይቻለሁም አሉኝ። ቢያዩትማ ደረጃውም እንደተበላሸ ይነግሩኝ ነበር። ሰገነቱ ብቻ ተለወጠ ብሎ የሚያምን ሰገነቱን ብቻ የለወጠ የመሰለው ሰው ነው።»

«ቀብሩ ላይ ነበርኩ» አለ አፈወርቅ።

«ከቅጽሩ በር ተመለስክ እኮ» አሉ መሪጌታ በዝግታ። «ስልክ ተደወለልኝ ብለህ።»

ወዳጆ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከመሬት አነሣ። «ወፍራሙን ፌሮ የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። በዓሉ ደረሰ። ኢንጂነሩ ባለው ሙላው አሉኝ፤ ሞላሁት። ልጁ ሰገነቱ ጠርዝ ላይ የወጣውን የፌሮ ጫፍ አይቶ ነቃ። ፑንቴሎው እንዳይነሣ፣ ሰገነቱም ይፍረስ ብሎ ለመናቸው። እሳቸው አንሡት አሉን፤ አነሣን።»

አፈወርቅ ግድግዳውን ተደገፈ። «ይሸከማል ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ኪዳነ ምሕረትን ይጠብቅ ነበር፤ ቃል ገብቼ... ልጁ ይሞታል ብዬ እንዴት ላስብ?»

«ከሞተ በኋላ ያደረጉትንስ?» አለችው ይመኙሻል።

አፈወርቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወይዘሮ በለጠች ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ልጄ ታዲያ እዚህ ምን ሊያደርግ ገባ?» አሉ።

«ፑንቴሎዎቹን ነካክቷቸው ነው ተብሎ ነበር፣ እማማ። የሚነቅል ሰው ሽብልቁን አውጥቶ ይጥላል እንጂ ጨብጦ አይቆይም። ከተሰበረው እንጨት ሥር ያለው ሽብልቅም አዲስ የተመታ ነው። ሁለቱን መልሶ አቁሟል። ሦስተኛውን ሊያቆም ሲል ነው የወደቀበት።»

«ያን ዕለት ከሰዓት» አሉ መሪጌታ ወደ ፍርስራሹ እያዩ። «ከሰዓት መዘምራኑ ለልምምድ ሊወጡበት ነበር። ልጆች ናቸው።»

ፀደንያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወይዘሮ በለጠች ተነሥተው አፈወርቅ ፊት ቆሙ።

«ሞቱን ለፈጣሪ ሰጥቻለሁ» አሉት። «ስሙን ግን አንተ ነህ የወሰድክ። ይህ ሁሉ ሰው ልጄ በገዛ ስሕተቱ ሞተ ሲል እየሰማህ እንጀራ በላህ። ስሙን መልስልኝ።»

አፈወርቅን ለመውሰድ መኪናው ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሱ ግን ጥቂት ጊዜ እንድትሰጠው ይመኙሻልን ለመናት። ምዕመኑ ገና ከቅጽሩ አልተበተነም። መሪጌታ ሕዝቡን ዝም አሰኙ። አፈወርቅ ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ቆሞ አንዷለም እንዳልተሳሳተ፣ ንድፉን የለወጠው ራሱ እንደሆነ፣ ልጁም የሞተው ሰገነቱን ሲደግፍ እንደሆነ ተናገረ። ድምፁ መሐል ላይ እየራቀ ሄዶ መጨረሻው አልተሰማም።

ወይዘሮ በለጠች ከፊት ቆመው ነበር። ወደ ኋላ ዞረው ሕዝቡን አዩ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አሉት። «ድገመው።»