የእንድሪስ ጠርሙስ

እንድሪስ ጠዋት ሞተ፤ እኩለ ቀን ላይ ሚስቱ ሀጀራ በቀበሌው እስር ቤት ነበረች። ከሚሴ ውስጥ ሥራ በዚህ ፍጥነት ተሠርቶ አያውቅም።

መቶ አለቃ ሶፍያ ከደሴ ስትደርስ የአስከሬኑ ማጠቢያ ውኃ ቀርቦ ነበር። ሴት መርማሪ መላኳ ያስከፋቸው ሽማግሌዎች በር ላይ አጉረመረሙ፤ አልፋቸው ገባች። የቀበሌው ሊቀመንበር ጀይሉ ከኋላዋ ተከትሎ ነገሩን አስረዳት። ጨርቅ ነጋዴው እንድሪስ የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ይዞት አዲስ አበባ ከጉበቱ ከፊሉን ተቆርጦ፣ ድኖ ተመልሷል፤ ሚስቱ ከባቲ ገበያ ያመጣችውን መራራ ቅጠል አጠጥታ ገደለችው።

«ቶሎ ይቀበር፤ ሃይማኖቱ ያዛል» አለ ጀይሉ፣ በረመዳን የማፍጠሪያ ሰዓት ጠብቆ ስብሰባ የሚጠራው ጀይሉ።

የጤና ጣቢያው ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰሩ ሲራጅም ራሱን ነቀነቀ። ከተማው ዶክተር ይለዋል፤ እሱም አርሞ አያውቅም።

ሶፍያ የሟቹን ዓይን ገለጠች፤ ቢጫ ሆኖ እርድ መስሏል። ከቀኝ ጎኑ የወጣ ቀጭን ቱቦ ወደ አንድ ጠርሙስ ይወርዳል። ጠርሙሱ ደረቅ ነው። ጎኑ ላይ የተጠመጠመውን ንጹሕ ፋሻ ፈታች። ቱቦው ታጥፎ በቀይ ጨርቅ ታስሯል። መልሳ ሸፈነችው።

ሀጀራን እስር ቤት አነጋገረቻት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢጫ የነበረው የባሏ ዓይን ነጥቶ ነበር። የተሰፋው ቧንቧ እስኪሽር ሐሞቱ በቱቦው ይወርድ ነበር፤ ጠርሙሱን የምትደፋው እሷ፣ ፋሻውን የሚቀይረው ሲራጅ። በአብዮት በዓል ዕለት ኮት ለብሶ መድረክ ላይ ከቆመ ወዲህ ግን ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። የዚያን ዕለት ማታ እንድሪስ በትኩሳት ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ለሲራጅ አልነገርሽውም?»

«ነገርኩት እንጂ። ደረቀለት ማለት ዳነ ማለት ነው አለኝ። ጎረቤቱም እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።»

«ቅጠሉስ?»

«ትኩሳቱ አልለቅ ሲለው ነው የሰጠሁት። ማል ጎና፣ ሌላ ምን ላድርግ?»

ሶፍያ ወደ ቴሌ ሄዳ አዲስ አበባ ላለው ቀዶ ሐኪም ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው፤ ሀጀራንም አስመጣች።

«ቅጠሉ ትኩሳቱን አላመጣም፤ ትኩሳቱ ቀድሞታል» አለች። «ትኩሳቱን ያመጣው መውጫ ያጣው ሐሞት ነው። ቱቦው ታስሮ ነበር። ሲራጅ፣ ያሰርከው አንተ ነህ?»

«ወላሂ አይደለሁም።»

«አምንሃለሁ። አንተ ክርም ፋሻም አለህ፤ በቀይ ጨርቅ አታስርም። ያሰረው ሰው በእጁ የነበረው የበዓሉ መድረክ የተጌጠበት ቀይ ጨርቅ ብቻ ነው። በዓሉ ዕለት እንድሪስን ከመድረኩ ጀርባ ወስዶ ኮት ያለበሰው ማነው?»

አዳራሹ ወደ ጀይሉ ዞረ። እንድሪስን «በነጻ ሕክምና የዳነ ጭቁን» ብሎ ሕዝቡ ፊት ያቆመው እሱ ነበር።

«ጠርሙስ ተሸክሞ መድረክ ይወጣል?» አለ ጀይሉ። «ለንግግሩ ያህል ነው ያሰርኩት። ከዚያ ረሳሁት።»

«አንተ ረሳኸው። ሲራጅ ግን በማግስቱ ፋሻውን ሲቀይር አየው። የሊቀመንበሩን ቋጠሮ መፍታት ፈርቶ በላዩ ጠመጠመበት፤ ለሀጀራም ዳነ አላት።»

ሲራጅ መሬት መሬቱን አየ።

«ካንሰር ነበረበት» አለ ጀይሉ። «ያው መሞቱ አይቀርም ነበር።»

«ይህን እንደምትል አውቄ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። እንዲህ ከሚቆረጡት ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ የማይነሡ አሉ፤ በሽታው ተመልሶ የሚገድላቸውም ብዙ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ዓመታት ይኖራሉ። እንድሪስ ከጠረጴዛው ተነሥቷል፤ ዕጢውም ተጠርጎ ወጥቷል። ከየትኞቹ እንደነበር አሁን ማንም አያውቅም። አንተ ኮቱ እንዲያምር ብለህ ሳይታወቅ አስቀረኸው። ቶሎ ይቀበር ያልከውም ቋጠሮህ አብሮ እንዲቀበር ነው።»

ጀይሉን የወሰዱት፣ ጠዋት ሀጀራን ያሰሩት የራሱ ጠባቂዎች ናቸው። ሲራጅ ሳይጠሩት ተከተላቸው።

ሀጀራ፣ ሶፍያ ከሟቹ ቤት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችውን ጠርሙስ አንሥታ አቀፈችው።

«ባዶ ሆኖ ያገኘሁት ቀን» አለች፣ «ሁለት ረከዓ የምስጋና ሶላት ሰግጃለሁ።»

ጠርሙሱ ማስረጃ ነውና ሶፍያ ከእጇ ወሰደችው።