ከክንፉ ሥር ያለችው ጠብታ

ዶክተር ሃርምስ በነፋስ መሞከሪያው አዳራሽ፣ ለሙከራ በተሰቀለው ክንፍ ሥር ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ የተመታበት የብረት መፍቻ የመካኒኩ የሎዘ ነበር። የፖሊስ ኮሚሳሯ ብራንደስ ጠዋት ስትደርስ ሎዘ በካቴና ታስሯል፤ ወደ ሃኖቨር ወህኒ የሚወስደው መኪናም ውጭ ቆሟል።

ክንፉ ነጭ ነገር ተቀብቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ናፍታሊን» አለች የሟቹ ረዳት ወይዘሪት ቲትሰ። «ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዶክተር ሃርምስ ራሳቸው ሲቀቡት ትቻቸው ሄድኩ። ነፋሱ ረግቶ በሚያልፍበት ነጩ ይቆያል፤ በሚታወክበት ቶሎ ይተናል።»

«ምን ያውከዋል?»

«የሞተች ዝንብም ትበቃለች። ከኋላዋ ያለው ሁሉ እንደ ሽብልቅ እየሰፋ ይታወካል።»

«የነፋሱን ሞተር ማን ያስነሳል?»

«ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያለን እኔና ሎዘ ነን» አለ ክንፉን የነደፈው ዶክተር ፋልክ። «ትናንት ግን ከቀትር ወዲህ አልተነሳም። እኔም ቤቴ ነበርኩ።»

ብራንደስ ሎዘን አየችው። ዓይኑ ከካቴናው ይልቅ ክንፉ ላይ ነበር።

«ምን ያያሉ፣ አቶ ሎዘ?»

«ከሥሩ ያየው አለ? እኔ ነፋስ ሳስነሳ ሁልጊዜ አስቀድሜ መስታወት አስገባለሁ። ዶክተሮቹ ላዩን ብቻ ነው የሚያዩት፤ ጎንበስ ማለት ወገባቸውን ያማቸዋል።»

ብራንደስ መስታወቱን ተቀብላ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር። ሁሉንም ወደ ክንፉ ጠራቻቸው።

«ከሥሩ፣ ከፊተኛው ጠርዝ አጠገብ፣ ምስር የምታህል የደረቀች የደም ጠብታ አለች። ከኋላዋ ነጩ በሽብልቅ ቅርጽ ተኖ ጠፍቷል። ስለዚህ ነፋሱ የነፈሰው ዶክተር ሃርምስ ከተመቱ በኋላ ነው። ያኔ ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አቶ ሎዘ ቢሆኑ መስታወቱን አስገብተው ጠብታዋን ይጠርጓት ነበር።»

«ሰው ገድዬ ሙከራ እሠራለሁ?» ሲል ፋልክ ሳቀ።

«ቀለሙ ሲያድር ይሳሳል፤ የተቀባ ክንፍ ደግሞ እናንተ ዘንድ ነፋስ ሳይነፍስበት አይተውም። ሃርምስ ክንፉ ነፋሱን ያውካል ይሉ ነበር?»

«ሁልጊዜ» አለች ቲትሰ በሹክሹክታ።

ፋልክ የክንፉን ላይ በመዳፉ ሊነካ ቃጣውና እጁን ሰበሰበ። «ላዩ ግን እስከ ጫፉ ነጭ ነው» አለ። «ማታ መብራቱን ይዤ ራሴ አየሁት። እሱ ነው የተሳሳተው።»

ካቴናው ከሎዘ እጅ ወደ ፋልክ እጅ ተላለፈ።

ሎዘ አንጓውን እያሻሸ ጨርቅ አነሳ። «ልጥረጋት?»

«ይቆዩ» አለች ብራንደስ። «ፎቶ ይነሳ። ፍጠኑ።»

በአዳራሹ ነፋስ አልነበረም። ነጩ ግን በዓይናቸው ፊት እየሳሳ ነበር።