አምስት ቁና የሰጠ ማን ነው?

የደምለው ሬሳ ከጉንደ ወይን በታች ካለው ገደል አፋፍ ላይ በደረቱ እንደተደፋ ሲገኝ፣ ታላቅ ወንድሙ የኔታ ወልደ ሩፋኤል ተጠሩ። ቄስ ናቸው፤ የባሕረ ሐሳብ መምህርም ናቸው። ያን ቀን ግን የመጡት ለፍትሐት ብቻ አልነበረም፤ ደም ፈልገው ነበር። የሟቹን አፍ ሊከድኑ ሲያጎነብሱ ከጥርሱ መሃል የተነከሰ ስንዴ አገኙ። አሸተቱት፤ ናፍጣ ናፍጣ አላቸው። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ጣሊያን አውድማውን ሁሉ ባቃጠለበት በዚያ ዓመት፣ ደምለው ለአርበኞች ከአምስት ቤት እህል ይሰበስብ ነበር። የሚመላለስበትን መንገድ የሚያውቁት አምስቱ አባወራዎች ብቻ ናቸው። የጎበዝ አለቃው ፊታውራሪ እንዳላማው ከሾላው ሥር አስቆሟቸው።

«ሃያ አምስት ቁና ገብቷል፤ ለአምስት ሲካፈል አምስት አምስት ይደርሳል» አሉ ፊታውራሪ። «አወቀና ውበቱ ግን ሁለት ሁለት ነው የሰጡት። ለአገሩ የሰሰተ ሰብሳቢውንም ይገድላል። ይረሸኑ!»

የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«የወንድሜ ደም ነው፤ በንጹሕ ሰው ደም አይመለስም። አበረ፣ አንተ ስንት ሰጠህ?»

«ሦስት፣ የኔታ። እሷንም ከዘሬ ቀንሼ።»

«ፍሥሐስ?»

«አራት።»

«አሥራ አራት!» አለ ቢተው ሳይጠየቅ፣ ደረቱን ነፍቶ። «አማቴ ከቁይ ስንዴ ላከልኝ። ደምለውን ሳጣው በራሴ አህያ አድርሻለሁ።»

«ፊታውራሪ፣ እስቲ አምስት ቁና የሰጠ ማን ነው?»

ፊታውራሪ አምስቱን አባወራዎች አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«የለም» አሉ የኔታ። «አማካዩ ሰም ነው፤ ወርቁን ይሸፍናል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሯቸው፤ መሃል የሚቆመው የአበረ ሦስት ነው። የተደጋገመውስ? ሁለት። አውድማው የተቃጠለ አገር ልኩ ይኸው ነው። ቢተውን አውጡና አካፍሉ፤ ሦስት እንኳ አይሞላም። ሁላችሁንም ሰሳች ያስመሰላችሁ እሱ ብቻ ነው።»

«መስጠት ወንጀል ሆነ?» አለ ቢተው እየሳቀ።

የኔታ ቋጠሮውን ፈቱ። «ወንድሜ እህል ሲረከብ በጥርሱ ይፈትን ነበር። ይህን ሳይተፋው ሞተ። እንግዲህ የገደለው ስንዴ ያስረከበው ሰው ነው፤ ከአምስቱም ስንዴ ያመጣኸው አንተ ብቻ ነህ። አላገኘሁትም አልክ። ደግሞስ የቁይ አህያ ከመቼ ወዲህ ነው ናፍጣ የሚሸት? ይህ ከደብረ ማርቆስ ምሽግ በጣሊያን ካሚዮን የተጫነ ነው። ደምለው ነከሰው፣ ገባው፤ አንተም እንደገባው አየህ።»

ፊታውራሪ የቢተውን ስልቻ አስመጥተው አሸተቱ። ፊታቸው ጠቆረ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ ባንዳው እንዲታመን ብሎ አብዝቶ ሰጠ፤ እንደ ጎረቤቱ ሁለት ቢሰጥ ኖሮ ማንም ባልጠረጠረው። አሁን መሬት ላይ ተደፍቶ ምሕረት ይለምናል።

«አምስት ሰው ይተኩስ» አሉ ፊታውራሪ። «ደሙ ለአምስት ይካፈል፤ እርስዎ ቄስ ነዎት፣ የኔታ፣ ዞር ይበሉ።»

የኔታ ግን ጥምጥማቸውን ፈትተው ከመስቀላቸው ጋር ለአወቀ አስያዙት። ከእንግዲህ መቅደስ እንደማይገቡ ያውቃሉ። እጃቸውን ወደ ጠመንጃው ዘረጉ።

«ይህን አታካፍሉት» አሉ። «ሙሉውን ለእኔ ስጡኝ።»