ለብቻዋ የምትቀመጥ ማበጠሪያ

«ትንሽ ታገሺኝ፣ ይቺን ብቻ» አለች እናቷ። «ይቺን ብቻ» ስትል ይሄ አራተኛዋ ነበር።

ልጅቷ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። እሁድ ከሰዓት ነው። የእናቷ ፀጉር ቤት በር ገርበብ ብሏል፣ መጋረጃው ተስቧል፣ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ጠፍተዋል። ጥርሶቿ ጥቅጥቅ ያሉት ማበጠሪያ ከጆሮዋ ጀርባ ተነስታ ወደ ማጅራቷ ስትወርድ፣ ጭንቅላቷን የሸፈነው ነጭ ቅርፊት ትከሻዋ ላይ በተጣለው ጥቁር ናይለን ላይ ይረግፋል። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። ስድስት ቀን ሙሉ ሲበላ የከረመ ጭንቅላት ሲፋቅለት የማይወድ ማን አለ? ከዚያ ማቃጠል ይጀምራል። ከዚያ ይደማል።

«የስንቱን ፀጉር አስገብሬ፣ የገዛ ልጄ ጭንቅላት እምቢ ይበለኝ?» እናቷ ለራሷ አጉረመረመች።

እናቷን የሰፈሩ ሰው «እጀ ወርቅ» ይላታል። ፀጉሩ የተቃጠለበትም የተቆራረጠበትም ከእሷ ወንበር አምሮበት ነው የሚነሳው። ደንበኞቿ ፀጉራቸው መሳሳቱን ሊደብቋት ሲሞክሩ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ አውልቂው ሻሹን!» እያለች ታስቃቸዋለች። ለልጇ ሻሽ እየመረጠች የምትገዛው ግን እሷው ናት። ሰባት ሻሽ አላት ልጅቷ፤ ለየቀኑ አንድ።

በሩ ተንኳኳ። እናቷ ማበጠሪያዋን ቆርቆሮ ውስጥ ወርውራ ሻሹን ልጇ ጭንቅላት ላይ ጣል አደረገች። ያንኳኳችው ባንክ ቤት የምትሠራው ደንበኛዋ ናት፤ ወሬ የማያመልጣት። አንገቷን በበሩ አሰገገች።

«እሁድም ትሠሪያለሽ እንዴ?»

«ኧረ ልጅቷን ላጥባት ብዬ ነው። ነገ ነይ፣ አንደኛ አደርግሻለሁ።»

ሴትዮዋ ወለሉን አየች። የረገፈውንም ነጭ ነገር አየች። «እሺ በይ» ብላ ሄደች።

እናቷ ወዲያው መጥረጊያ አነሳች። «አየሽ? የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ራሷን ቆስላለች ከተባለ ማን እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል?»

«የቆዳ ዶክተሯ አይተላለፍም ብለዋል እኮ።»

«እኔ ሰምቻለሁ። ሰው መች ሰማ?»

ይህን ብላ ማበጠሪያዋን በበረኪና ዘፈዘፈቻት። የደንበኞቹ ማበጠሪያዎች በሳሙና ታጥበው፣ መስተዋቱ ሥር አንድ ብርጭቆ ውስጥ ተጣበው ይቆማሉ። ይቺኛዋ ግን በረኪና ጠጥታ የድሮ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ለብቻዋ ትተኛለች። ልጅቷ ይህን ካስተዋለች ቆይታለች። እንዲያው ለንጽሕና ነው ብላ ራሷን ልታታልል ሞክራ አልሆነላትም። እናቷም በልቧ ይተላለፋል ትላለች ማለት ነው። ከቁስሉ ይልቅ የሚያማት ይሄ ነው።

«ነገ ዶክተሯ ጋ ስንሄድ» አለች እናቷ ጀርባዋን እንደሰጠቻት፣ «ምን ነካው ካሉሽ፣ በጥፍሬ አከኩት በያቸው። እንዳትፍቂው ብለውኝ ነበር፤ ይቆጡኛል።»

ልጅቷ የአብዬን ወደ እምዬ ሲባል ሰምታ ታውቃለች። የእምዬን ወደ ልጅ ሲባል ግን ገና አሁን ነው። ቢሆንም «እሺ» አለች።

በማግስቱ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ የእስክሪብቶ ክዳን በሻሹ ሥር አስገብታ ስታክ፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ አየቻት። አፏ ስለማያርፍ ክፍሉ ሁሉ «ሬዲዮ» የሚላት ልጅ ናት።

«አቦ አውልቂውና ይንፈስበት!» አለች ሬዲዮ፣ ለእሷ ሹክሹክታ በሆነ ድምፅ።

«ሙድ ይይዙብኛላ።»

«አሁንስ መች ተዉሽ? ‹ሻሼ› የሚሉሽ ስለሚወዱሽ መሰለሽ?»

ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች። አስተማሪው ዞር ሲሉ ሁለቱም ደብተራቸው ላይ ተደፉ። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ሒሳብ ግን አንዱም አልገባትም። በጥፍሬ አከኩት፣ በጥፍሬ አከኩት እያለች ስትለማመድ ደወሉ ተደወለ።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ከእናቷ ጋር ክሊኒክ ሄዱ። ዶክተሯ ዕድሜያቸው የገፋ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያሳርፉ ሴት ናቸው። ሻሹን ቀስ ብለው ፈቱና መብራቱን አስጠጉ።

«ቅባቱን ማታ ማታ ትቀቢያለሽ?»

«አዎ።»

«በሻምፖውስ ትታጠቢያለሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ቁስል ምንድን ነው?»

እናቷ ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ በሁለት እጇ ጭምቅ አደረገችው።

«በጥፍሬ… አከኩት።»

ዶክተሯ እጇን ገልበጥ አድርገው ጥፍሯን አዩ። አጭር ነው። እናቷ የሰው ጥፍርም ስለምትሠራ፣ የልጇንም ቶሎ ቶሎ ትቆርጠዋለች፤ አድጎ አያውቅም። ዶክተሯ ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው ወረቀት ሳቡ።

«እንግዲህ በወሩ መሻል ሲገባው ብሶበታል። በሚቀባው ካልሆነ ወደ ክኒን መሸጋገር ሊኖርብን ነው። ክኒኑ ደግሞ ጠንከር ያለ ነው፤ ጉበት ሊነካ ስለሚችል በየጊዜው ደም እየሰጠሽ ትመረመሪያለሽ። ያቅለሸልሽም ይሆናል።» እስክሪብቷቸውን አነሱ፤ ግን ወዲያው አልጻፉም።

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ተናገሪ አለቻት በዓይኗ። የሰፈሩን ሴት ሁሉ በቀልድ የምታንፈራፍረው እናቷ ወለል ወለሉን ታያለች። ልጅቷ ተናደደች፣ አዘነችላትም።

«ጥፍሬ አይደለም» አለች።

እስክሪብቶው ቆመ።

«በማበጠሪያ ነው። እሁድ እሁድ እማዬ ታራግፍልኛለች። እንዲሻለኝ ብላ ነው።»

ዶክተሯ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እናትየው ዞሩ። እናቷ በጣቶቿ ዓይኗን ጠረገች።

«ዶክተር፣ እኔ የሰው ራስ ሳሳምር ነው የምውለው» አለች፣ «የልጄን እያየሁ እንዴት እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«አጣጥፊ መች አልኩሽ? በተፋቀ ቁጥር ቆዳው እየተጣደፈ ሌላ ቅርፊት ያበቅላል። በጣትሽ ቅቢላት፤ ሲለሰልስ በራሱ ጊዜ ይረግፋል። ክኒኑን ለጊዜው እንተወው፤ ከወር በኋላ አያታለሁ።»

ከክሊኒኩ ሲወጡ እናቷ ቀድማ ሄደች። ሰፈራቸው ደርሰው ከታክሲ ሲወርዱ «አዋረድሽኝ» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሳምንቱን ሙሉ በቤቱ ውስጥ የነበረው ወሬ «ብዪ» እና «በሩን ዝጊ» ብቻ ነው። ልጅቷ ባልተናገርኩ ያለችበት ሰዓት ነበር። ጭንቅላቷ ግን ከረቡዕ ጀምሮ መድማቱን ትቶ ነበር።

እሁድ ከሰዓት፣ ሳትጠራ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄዳ ወንበሩ ላይ ወጣች። ሻሿን ፈትታ ከሥሯ አድርጋ ተቀመጠችበት። እናቷ መጋረጃውን ስባ፣ እንደ ልማዷ ቆርቆሮውን ከፈተች። ባዶ ነው።

«ማበጠሪያዋስ?»

«ጣልኳት» አለች ልጅቷ። የቅባቱን ቱቦ ዘረጋችላት።

እናቷ ቱቦውንም ልጅቷንም አየች። ከዚያ ቀለበቷን አውልቃ መስተዋቱ ሥር አኖረችና ጣቷ ላይ ቅባት ጨመቀች። እጀ ወርቅ የተባለችው ሴት መጀመሪያ ላይ እጇ የት እንደሚያርፍ የጠፋት ትመስል ነበር።

«ያቃጥላል?»

«እዚህ ጋ፣ ትንሽ።»

እንዲህ ብላ ስትጠይቃት የመጀመሪያዋ ነው።

ከጆሮዋ ጀርባ ጨርሳ ወደ ማጅራቷ ልትወርድ ስትል በሩ ተንኳኳ። እናቷ በቅባታም እጇ ሻሹን ፍለጋ ዳበሰች። መደገፊያው ላይ የለም፣ መሬትም የለም። በመስተዋቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ልጅቷ ሻሹ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ከተቀመጠችበት ግን አልተነሳችም።

በሩ ተከፈተ። «ሰኞ መጥቼ ዘግተሽ ጠበቅሽኝ፣ ዛሬስ…» አለችና የባንኳ ሴትዮ ደፉ ላይ ቀጥ አለች።

የእናቷ ጣቶች ቆሙ። የልጅቷ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ።

«እማዬ» አለች፣ «የኋላው ይቀራል።»

ከዚያም አንገቷን ወደ ፊት ደፋ አድርጋ ጠበቀች።