ሃያዎቹ ሸርጣኖች

ተመራማሪው ስማቸው የሞተው ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነው። እንጅባራ ዳር ካለው የወንዝ ሕይወት ጥናት ጣቢያ ጀርባ በሚወርደው ጅረት፣ ማጅራቱ ተፈንክቶ፣ በግንባሩ እንደተደፋ ግንቦት 2010 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ተገኘ። አጠገቡ የቀርቀሃ ቅርጫት ወድቋል። ቅርጫቱ ለጣቢያው ሸርጣን የሚያጠምደው የሽባባው መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅም ብዙ ሰው ሰምቷል። አራት ሰዓት ሳይሞላ ሽማግሌው ታሰረ።

ኮማንደር ደሴ የክሱን ወረቀት ለኢንስፔክተር የሻረግ ዘረጋላት።

«ፈርሚና እንገላገል።»

«አልፈርምም።»

«ደግሞ ምን ጎደለ?»

«ምክንያት ጎደለ። የተጨቃጨቀ ሁሉ የሚጋደል ቢሆን፣ እኔና እርስዎ እስካሁን ተላልቀን ነበር።»

አለቆቿ «ግትር» ይሏታል፤ እውነታቸውን ነው። የሻረግ «ፈርሚ» ሲሏት አንገቷ ይደነድናል። ኮማንደሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ታገሳት። ከዚያ በኋላ ሽባባው ፍርድ ቤት ይቀርባል።

በቤተ ሙከራው ውስጥ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ናርዶስ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለቻት የሻረግ።

«ዓሣ በሚሞትበት ውሃ ሸርጣን ለምን እንደማይታመም እናጠናለን። በሽታ የሚከላከልበት ዘረመል ውጭ አገር ተልኮ ፊደል በፊደል ይነበብልናል። በየወንዙ ያለው በሽታ ስለሚለያይ የሸርጣኑም ዘረመል ከወንዝ ወንዝ ይለያል። ውጤቱ ትናንት መጣ።»

«ታዲያ?»

«ከአዲስ ቅዳም ከተማ በላይ ካለው ወንዝ መጡ የተባሉት ሃያ ሸርጣኖች፣ ከዚህ ከጓሯችን ጅረት ሸርጣኖች አልለይ አሉ። ስማቸው አያ ሽባባው ያታለሉን መስሎት ሄዶ ተጣላቸው። ሲመለስ ግን ፊቱ ተለውጧል። ‹ሽማግሌውን በድያለሁ› ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

«የሳቸውን ቅርጫት መጨረሻ የት አየሽው?»

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ አልኮል ልወስድ መጋዘን ስገባ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው።»

«ቁልፉስ?»

«አየነው ጋ ብቻ ነው፤ ትናንትም ከፍቶልኝ መልሶ ቆለፈው። የመስክ ሥራውን የሚመራው እሱ ነው።»

አየነው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነው። በመጪው ወር ለትምህርት ውጭ እንደሚሄድና ይህንን ዕድል ያገኘው በዚሁ ጥናት እንደሆነ ሳትጠይቀው ነገራት።

«ሃያዎቹን ሸርጣኖች ማን ያዛቸው?»

«ሽባባው ነዋ! ይኸው መለያው ላይ ተጽፏል፤ ኖቬምበር ሃያ አንድ። ናሙናው ውጭ ስለሚሄድ ቀኑን በፈረንጅ ነው የምንጽፈው።»

«ሌላ ሰው ተቀብሎልህ እንዳይሆን?»

«ኧረ እኔ ራሴ! ወንዙ ዳር ቆሜ ከእጁ ተቀበልኩ።»

የሻረግ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ከዚያ ሁሉም ቤተ ሙከራው ውስጥ እንዲሰበሰቡ አዘዘች። ሽባባውም እጁ እንደታሰረ መጣ።

«አያ ሽባባው፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት የት ነበሩ?»

ሽማግሌው እንደተሰደበ ሰው ቀና አለ። «የት እሆናለሁ? ታቦቱ ሲወጣ ጥላ ያዡ እኔ ነኝ፤ ደብሩ በሙሉ አይቶኛል። በሚካኤል ቀን ውሃ ገብቼ ሸርጣን ልይዝ? ለዚያ ልጅም ትናንት ይህንኑ ነገርኩት። አፈረና ይቅርታ ጠየቀኝ።»

የሻረግ ወደ አየነው ዞረች። «ኖቬምበር ሃያ አንድ ኅዳር አሥራ ሁለት፣ የኅዳር ሚካኤል ነው። ሩቁ ወንዝ ድረስ መሄድ ታከተህና ሃያውን ከጓሮ ለቀምክ። በኋላ መለያውን ስትሞላ የፈረንጁን ቀን ጻፍክ እንጂ፣ እዚህ አገር ምን እንደሚከበርበት አላሰብክም።»

«ቀኑን ተሳስቼ ይሆናላ!»

«አንተ ትሳሳት፤ ሸርጣኖቹስ? ሩቁን ወንዝ እንደማያውቁት ዘረመላቸው ተናግሯል። ስማቸው ከአያ ሽባባው እንደተመለሰ ውሸታሙ ማን እንደሆነ አወቀ፤ አንተ ጋ መጣ። ቅርጫቱ አሥር ሰዓት ላይ መጋዘን ውስጥ ነበር። ቁልፉ ካንተ ውጭ በማንም እጅ የለም። ታዲያ በእግሩ ሄዶ ነው ሬሳ አጠገብ የወደቀው?»

አየነው ወደ በሩ አፈገፈገ። «ነገ ለሁሉም እናገራለሁ አለኝ… ሕይወቴን ሊያበላሽብኝ… ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም!»

«ገፍተኸው ብቻ ቢሆን ሰው ትጠራ ነበር እንጂ ቅርጫት ልታመጣ አትመለስም ነበር።»

ናርዶስ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። አየነው ተወሰደ። ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ሽማግሌውን ፍቱት» አለ።

ሽባባው እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

«አይሆንም። ገበያ መሀል፣ ሚስቴ እያየች፣ ገዳይ ብለህ አስረኸኛል። የምፈታውም እዚያው ነው። አልገደለም ብለህ ተናገር።»

ኮማንደሩ የሻረግን አያት። እሷ በሩን ከፍታ ቆመች። ደስታዋን ለመደበቅም አልሞከረች።

ገበያው ገና አልተበተነም። ሰዉ ሲያያቸው ግብይቱን ትቶ ከበባቸው። ኮማንደሩ መሬት መሬት እያየ፣ «ሽባባው ሰው አልገደለም» አለና እጁን ወደ ካቴናው ሰደደ።

ሽማግሌው አልዘረጋለትም።

«አልተሰማም» አለ። «ድገመው።»